ለሐሙስ መርከብ የወጣ ፋኖስ

ቅዳሜ፣ ኦገስት 24። ሳን ሁዋን ወደብ።

ሙቀት። ነፋስ የሚባል የለም፤ ባንዲራው ምሰሶው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተለጥፏል። ክፍላችን ውስጥ ያለነው እኔና ማሪቴስ ነን። ማሪቴስ ፊሊፒናዊት ናት፣ የሽርሽር መርከባችን ላይ ልብስ ማጠቢያ ነው የምትሠራው። ከላይኛው አልጋ እግሯን አንጠልጥላ ጥፍሯን ትቀባለች።

የድሮዎቹ መንገደኞች ጠዋት ወረዱ፣ አዲሶቹ ከሰዓት በኋላ ገቡ። በመሃል ያለችው ጊዜ ለእኛ ገሃነም ናት። አንሶላ፣ ፎጣ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ምንጣፍ። ስምንተኛው ፎቅ ላይ ከ8210 እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ያሉት ክፍሎች የእኔ ናቸው። አንዱ መንገደኛ መጽሐፍ ጥሎ ሄዷል፤ ግማሹ ውኃ ገብቶበት ተጣብቋል። እኔ ማንበብ የለመድኩት እንዲህ ባሉ ግማሽ መጻሕፍት ስለሆነ መጨረሻቸውን የማላውቃቸው ብዙ ታሪኮች አሉኝ። ይህንንም የምጽፈው በዕለቱ ፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ፊቱ ላይ «ዛሬ ማታ የዳንስ ውድድር» ይላል።

ሚስተር ፊንሊ ሰብስቦን ነበር። የጃማይካ ሰው ነው፣ የክፍል አጽጂዎች ሁሉ አለቃ። «የአውሎ ነፋስ ወቅት ገብቷል» አለ። «መንገደኛ ስለ አየሩ ከጠየቃችሁ መልሱ አንድ ነው፤ ካፒቴኑ ያውቃል። ፊታችሁ ላይ ፈገግታ፣ አፋችሁ ላይ ቁልፍ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቬልዳን እዩ። እሷ ከነቁልፏ ነው የተወለደችው» አለ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 29። ጥርት ያለ ሰማይ፣ የተኛ ባሕር።

ዛሬ በአገሬ በሴንት አዴል አለፍን። ከባርቤዶስ ስንመለስ ሁልጊዜ ሐሙስ፣ እራት ሲቀርብ ነው የምናልፈው። መርከቧ አትቆምም፤ እንደ እኛዋ ላለች ትንሽ ደሴት ማንም አይቆምም። ግን የጫፉን አለት ተጠግታ ታልፋለች። እኔ ሠራተኛ የሚያጨስበት የኋላ ሰገነት ላይ እወጣና ባትሪዬን ሦስት ጊዜ አበራለሁ። አለቱ ላይ የእናቴ ፋኖስ ሦስት ጊዜ ከፍ ይላል። ሌላ ትርጉም የለውም። አለሁ ነው። እኔም አለሁ ነው።

እኛ አገር ባሕር ላይ ሰው ያለው ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበር። ስልክ ሲመጣ አብዛኛው ሰው ተወው። እማ አልተወችውም። «መብራት ያልወጣላት መርከብ ወደብ አታይም» ትላለች። አባቴ ከነጀልባው የቀረ ማታ እሷ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር፤ ፋኖስ ያወጣለት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ሆና ያለፈቻት መርከብ የለችም።

ማሪቴስ አብራኝ ወጥታ ነበር። «እትዬ፣ አንቺና እናትሽ እኮ ኮንትሮባንድ የምታስገቡ ነው የምትመስሉት» አለችኝ። «አንድ ቀን ፖሊስ ይዟችሁ ምን ስትባባሉ ነበር ቢላችሁ ምን ልትሉ ነው?»

«ምንም» አልኳት።

«እሱማ ማን ያምናችኋል!»

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 1።

አሳንሰር ውስጥ የሰማሁት። አንዲት ሴት ለባሏ፣ «ባለፈው ዓመት እነ ፓቲን አውሎ ነፋስ ይዟቸው ሁለት ቀን በነፃ ጨመሩላቸው እኮ። ለእኛም በመጣ!» እኔ ጋሪዬን ይዤ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆሜ ነበር። እንደ ጋሪው ነው የሚያዩኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 5። ዝናብ።

ከባርቤዶስ ዘግይተን ወጣን። ሁለት መንገደኞች ሰክረው የባሕር ዳር ቡና ቤት ውስጥ ቀርተው እነሱን ስንጠብቅ ነው። አለቱ ጋ ስንደርስ እራት ካለፈ ብዙ ቆይቷል፣ ዝናቡም ያለቅጥ ይወርዳል። እማ ቤት ገብታለች ብዬ ነበር። እንዲያው ለልማዱ ወጣሁ።

ፋኖሱ ነበር። ሦስት ጊዜ ከፍ አለ።

ደስ አለኝ። አሁን ተጋድሜ ሳስበው ደስ ማለቱ አሳፈረኝ።

አርብ፣ ሴፕቴምበር 6።

ከኦርሊን መልእክት። እህቴ ናት፣ ከነልጆቿ እማ ጋ ነው የምትኖረው። «ትናንት አንቺን ብላ ከእራት ጀምሮ ዝናብ ላይ ቆማ አመሸች። ሌሊቱን ስትስል አደረች። ጎትቼ ላስገባት ብል በፋኖሱ ልትመታኝ ቃጣች። አንቺ ንገሪያት፣ እኔን አትሰማኝም።»

ነገ ሳን ሁዋን ስንደርስ ደውዬ እነግራታለሁ። በቃ መርከቧ ከዘገየች ግቢ እላታለሁ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 7። ሳን ሁዋን። ሙቀት፣ ደመና የለም።

አዲስ መንገደኞች። 8214 ውስጥ ከኦሃዮ የመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት ገብተዋል፤ ሃልቨርሰን ይባላሉ። ሴትዮዋ ስሜን ጠየቀችኝና ደግማ ጠራችው። ባልየው ለባርቤዶስ ብሎ የገዛው ትልቅ የገለባ ኮፍያ አለው፣ ክፍሉ ውስጥም አያወልቀውም።

ከምሥራቅ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው። ኮርዴሊያ ብለውታል። ከመርከብ ልወርድ ስል ሚስተር ፊንሊ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው፣ «ካፒቴኑ ወደ ምዕራብ ሳይወስዳት አይቀርም፣ ውኃና ዱቄት ጨምር» ሲል ሰማሁት። ወሬ ነው። መርከብ ላይ ወሬ ከምግብ ይበልጣል።

ከወደቡ ማዶ፣ ሁላችን የምንደውልበት ፋርማሲ በረንዳ ላይ ወረፋ ያዝኩ። እማ አነሳች።

«ሬዲዮው ስለዚህች ኮርዴሊያ ስለሚሏት አልዘጋ አለ» አለችኝ። «ኦርሊን ደግሞ ከአሁኑ ትምህርት ቤቱ እንግባ ትላለች። ትምህርት ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው፣ ጉልበቴ የሷ መስሏታል።»

«ኮርዴሊያ ትዞራለች እማ። ብዙ ጊዜ ይዞራሉ።»

«ሐሙስ ታልፋላችሁ?»

«እንደ ወትሮው» አልኳት።

«አየሽ!» አለች፤ ድምፅዋ ወዲያው ቀለለ። «ለኦርሊን ይህንን ነው የምላት። ያን ሁሉ ነጭ ሰው ጭነው ማዕበል ውስጥ አይገቡም። መርከቧ ካለፈች መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው። ሬዲዮ ሲሳሳት አይቻለሁ፣ መርከብ ሲሳሳት አላየሁም።»

ስለ ዝናቡና ስለ ሳሉ ልነግራት ነበር። ከኋላዬ የቆመው ልጅ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። «ደህና ሁኚ እማ» ብዬ ዘጋሁ።

መንገድ እንለውጥ ይሆናል ብላት መርከቧ ልትሰጥም ነው ብላ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ደግሞስ ወሬ ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9።

እራት ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። ባርቤዶስ የለም። ሌሎቹም ደሴቶች የሉም። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኩራሳኦ እንሄዳለን። «ደህንነታችሁ ከሁሉ ይበልጥብናል።» ምግብ አዳራሹ ውስጥ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ። ሚስተር ሃልቨርሰን ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «እንግዲህ ይህን ለማን ልልበስ?»

የሠራተኞች ኢንተርኔት ተዘግቷል። ለመርከቧ ሥራ ያስፈልጋል ተባለ። የመንገደኞቹ አልተዘጋም።

እስከ ሐሙስ ጊዜ አለ። መላ አይጠፋም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10።

የመዋኛው ውኃ ተደፍቶ መረብ ተጣለበት። በየአሳንሰሩ በር የማስታወኪያ ከረጢት ሰቅለናል። ባሕሩ ከሩቅ በረጅሙ ያነሳናል፣ በረጅሙ ያወርደናል።

ማታ 8214 አልጋ ላይ፣ መንገደኛ ደስ እንዲለው እንደምናደርገው፣ ፎጣ አጥፌ ዝሆን እየሠራሁ ሳለ ወይዘሮ ሃልቨርሰን ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ካርታ ታያለች።

«ቬልዳ፣ የአንቺ አገር የት ነበር ያልሽኝ?»

«ሴንት አዴል፣ እመቤቴ።»

«ይቺ? ይህ ቀይ ነገር የነካት?»

«እዚያ አካባቢ ናት።»

«ቤተሰብ አለሽ?»

«እናቴ። እህቴም።»

«ታዲያ ደውይላቸው እንጂ የኔ ቆንጆ! እንኪ ስልኬን። እኔ ምን እሠራበታለሁ፣ የድመቴን ፎቶ ነው የማየው።» ስልኩን ዘረጋችልኝ።

የሚስተር ፊንሊ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ይሰማ ነበር። የመንገደኛ ስልክ ስትነካ የተገኘች ባንግላዴሻዊት ባለፈው ዓመት ከነሻንጣዋ ወርዳለች። እጄ ላይም ፎጣው ነበር፣ የዝሆኑ ኩምቢ ካልተያዘ ይፈታል።

«አመሰግናለሁ እመቤቴ። ደህና ናቸው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ደህና ናቸው።»

ነገ፣ እሱ በሌለበት ሰዓት።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 11።

ሞገድ። ሌሊቱን መሳቢያዎች ሲከፈቱ ሲዘጉ አደሩ። ኩሽና ውስጥ የሳህን መደርደሪያ ወድቋል። ከመንገደኛው ግማሹ ታሟል፣ ከሠራተኛውም። የእኔን ክፍሎች ጨርሼ የሌላ ሰው ክፍሎች ተጨመሩልኝ። ምንጣፍ፣ አንሶላ፣ ምንጣፍ። እጄ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል።

8214 በር ላይ «አትረብሹን» ተሰቅሏል። ሁለት ጊዜ ሄድኩ። አላንኳኳሁም።

ማሪቴስ፣ «እትዬ፣ ለእናትሽ ነገርሻት አይደል?» አለችኝ።

«ሬዲዮ አላት» አልኳት።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12።

ጠዋት 8214 አንኳኳሁ። ወይዘሮ ሃልቨርሰን ፊቷ እንደ አንሶላው ነው። «ስልክዎን ላስቸግርዎ» አልኩ። ምንም ሳትል ሰጠችኝ።

የእማ አይጠራም። የኦርሊን አይጠራም። ደግሜ። ደግሜ።

መልእክት ጻፍኩ። «እማ አትውጪ። አናልፍም። ቬሊ ነኝ።» ለሁለቱም ላክሁ። አልደረሰም ይላል።

ከሰዓት በኋላም አልደረሰም ይላል።

አሁን የእራት ሰዓት ነው። የውጭ ሰገነቶች በሙሉ ተቆልፈዋል። እኛ ጋ ሞገዱ ቀንሷል፤ ላይ ሙዚቃ ጀምረዋል። ኦርሊን አለች። ኦርሊን ጎበዝ ናት፣ አትለቃትም። ደግሞ እማ ሞኝ አይደለችም፣ ሰማዩን ታያለች።

አርብ፣ ሴፕቴምበር 13። ፀሐይ።

የሚገርም ፀሐይ። መዋኛው ተሞልቷል፣ ሰዎች ዘይት ተቀብተው ተኝተዋል። ሚስተር ሃልቨርሰን ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። «አየሽ» አለኝ፣ «ካፒቴኑ ብልህ ሰው ነው። ነፋሱ ራሳችን ላይ ፀጉር እንኳ አልነካም።»

ኮርዴሊያ ትናንት ማታ ሴንት አዴል ላይ ወጥታለች። ዜናው ስሟን አንድ ጊዜ ነው የጠራው፣ ከሌሎች ሁለት ደሴቶች ጋር።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14።

ሳን ሁዋን ወደብ ተዘግቷል፤ እስኪከፈት ባሕር ላይ እንዞራለን። ሰላጣ አልቋል፣ የወተቱ ብርጭቆ ትንሽ ሆኗል። እንግዳ መቀበያው ፊት መንገደኞች እየተጯጯሁ ነው። አንዱ ሰውዬ፣ «ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ ይህ እስር ቤት ነው!» ይላል፤ እጁ ላይ አይስክሬም ይዟል።

ከላይ የተነሳ የሴንት አዴል ፎቶ በቴሌቪዥን አሳዩ። ቤተ ክርስቲያኑን ለየሁት፣ ጣሪያ የለውም። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ አለ። አለ። ደጋግሜ አየሁት፣ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ለእማ ያልኩትን ሳስታውስ ነበር። «እግዚአብሔር ካለ እንደ ወትሮው» ነው ያልኳት። እንዲያ ነው ያልኳት። እግዚአብሔር ካለ ሲባል ደግሞ እማ ትርጉሙ ይገባታል፤ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 15።

ወይዘሮ ሃልቨርሰን ኮሪደር ላይ እየሮጠች መጣች፤ ባዶ እግሯን ነበረች። «ቬልዳ! እህትሽ ናት!» የሐሙሱ መልእክት ዛሬ ደርሶ፣ ኦርሊን በዚያው ቁጥር ደወለች። ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በሩ ጀርባ ቆምኩ።

«ቬሊ? ይህ የማን ስልክ ነው?»

«የመንገደኛ። ደህና ናችሁ? ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ደህና ናቸው። የእኔ መልእክት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የነፍስ አድን ሰዎች ስልክ ነው የያዝኩት፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ቬሊ፣ እማ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«የት ትሄዳለች!» ብላ ጮኸች። «ሐሙስ ነበር እኮ!»

እሷ አወራች። ረቡዕ ማታ ለምናም ተቆጥታም ትምህርት ቤት አስገብታት ነበር። ሐሙስ እራት ሰዓት ላይ እማ ፋኖሷን አንስታ ቆመች። ያን ጊዜ ነፋሱ መስኮቶቹን መትቶ ሁለቱን አውጥቷል። «አብደሻል ወይ?» አለቻት ኦርሊን። እማም፣ «ቬሊ አልፋለሁ ብላኛለች። ካለፈች ከዚህ አይብስም። መብራቷን መልሼላት መጣሁ» አለች። በሩ ላይ ኦርሊን ቀሚሷን ያዘች። እማ ስትስብ የቀሚሷ ቁራጭ ኦርሊን እጅ ላይ ቀረ።

«በሌላው እጄ ልጆቹን ይዤ ነበር» አለችኝ። «የማንን እጅ ልልቀቅ፣ ቬሊ? አንቺ ብትሆኚ የማንን ትለቂ ነበር?»

«አንቺ ጥፋት የለብሽም» አልኳት።

«አውቃለሁ የለብኝም። ምን ብለሻት ነው?»

«መቼ?»

«የዚያን ቅዳሜ ስትደውይ። እኔ ሬዲዮ እያሰማኋት አላምንም ያለችኝ፣ አንቺ ምን ብትያት ነው?»

መስመሩ ጥሩ አልነበረም። ተቋረጠ መሰለኝ ብዬ ስልኩን ለወይዘሮ ሃልቨርሰን መለስኩ።

ስልኩን አየችው። «አልተቋረጠም እኮ፣ የኔ ቆንጆ። እየተናገረች ነው» አለችኝ።

«ተቋርጧል» አልኩና የሚዘጋውን ቀዩን ምልክት ነካሁት።

ከዚያ አልጋውን አነጠፍኩ። ወይዘሮ ሃልቨርሰን፣ «ተዪው፣ ለእግዚአብሔር ብለሽ ተዪው» ትለኛለች። አንሶላው ጠርዙ ካልተጎተተ ያምራል እንዴ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17። ሳን ሁዋን።

ወደቡ ተከፈተ። መንገደኞቹ ወረዱ። ወይዘሮ ሃልቨርሰን አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔ ትከሻዋ ላይ የተጣበቀውን ክር ሳነሳላት ነበር። ባልየው ኮፍያውን አልጋው ላይ ትቶልኝ ሄዷል።

ሚስተር ፊንሊ ቢሮው ጠራኝ። ማሪቴስ ነግራዋለች። ወንበር አሳየኝ፤ እሱ ፊት ተቀምጬ አላውቅም።

«እናት አለችኝ፣ ኪንግስተን» አለ። ጠረጴዛው ላይ እያየ ነበር። «ስሚ። የአውሮፕላኑ ሜዳ ተዘግቷል፤ ግን ከዚህ ወደብ እህልና ሸራ ጭኖ ወደ እናንተ የሚሄድ ጀልባ አለ። ነገ ይነሳል። ካፒቴኑን አስፈቅጄልሻለሁ። ሂጂና ፈልጊያት።»

«ክፍሎቼን ማን ይይዛቸዋል?»

«ክፍል! ቬልዳ፣ እኔ ነኝ ወይ ስለ ክፍል የምነግርሽ፣ ወይስ አንቺ?»

«አመሰግናለሁ ሚስተር ፊንሊ። እዚያ ብሄድ አፍ ነው የምጨምርባቸው። ውኃ እንኳ የላቸውም።»

እውነት ነው። ውኃ የላቸውም።

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 22።

ትናንት በድሮው መንገድ ተነሳን። አዲስ መንገደኞች፣ አዲስ ዘይት፣ አዲስ ሙዚቃ። አሳንሰር ውስጥ አንዱ ሚስቱን፣ «የፈራረሱትን ከሩቅ እናያቸዋለን ብለውናል፣ ካሜራሽን አትርሺ» ሲላት ሰማሁ።

ያን ቅዳሜ ለእማ ያልኩትን አስቤ ደረስኩበት። ትምህርት ቤት ግቢ ብያታለሁ። ስለ ጉልበቷ ስታወራ ነው ያልኳት፤ «ኦርሊንን ስሚያት» ብያታለሁ። ልጁ ትከሻዬን ሲነካኝ ስለነበር ድምፄ ሳይደርሳት ቀርቶ ይሆናል።

ማሪቴስ፣ «እትዬ፣ ምን እያልሽ ነው ብቻሽን?» አለችኝ። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ኖሯል።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 25። ባርቤዶስ። ደመና።

የሠራተኞች ኢንተርኔት ተመልሷል። ከኦርሊን፦

«ዛሬ ተገኘች። ከአለቱ ሥር፣ ዛፎቹ ባሕር ውስጥ የቆሙበት ቦታ። በቀሚሷ ነው ያወቅናት፤ የያዝኩትን ቁራጭ ወስጄ ገጠምኩት። ፋኖሱ አልተገኘም። አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንቀብራታለን። ነገ ማታ የምታልፉ ከሆነ ንገሪኝ፣ ሰው ይወጣልሻል። የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም።»

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። የምመልሰውን ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ነገ እንደምናልፍ እሷም ታውቃለች፤ መርከቧ ተመልሳለች፣ ሁሉም ሰው ያውቃል።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 26። ጥርት ያለ ሰማይ፣ የተኛ ባሕር።

ዛሬ አልወጣሁም። ሥራ ነበረብኝ። 8230 ውስጥ ሕፃኑ ምንጣፉን አበላሽቷል፣ 8218 በረዶ ፈልገዋል፣ 8214 ያሉት ደግሞ ዝሆን ሠርተሽ አሳዪን ብለው ልጆቻቸውን ሰብስበው ጠበቁኝ። ዝሆን ሠራሁ። ዝንጀሮም ሠራሁ። በድምፅ ማጉያው፣ «በግራ በኩል ሴንት አዴል ትታያለች» ሲባል ልጆቹ ወደ መስኮቱ ሮጡ። እኔ ጥንቸል መሥራት ጀመርኩ።

ክፍላችን ስገባ ማሪቴስ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«የት ነበርሽ?»

«ሥራ ላይ።»

«ሰገነቱ ላይ ፈለግሁሽ። ትመጪያለሽ ብዬ ቆምኩ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «መብራት ነበረ፣ እትዬ።»

«ኦርሊን ትሆናለች።»

«አንድ መብራት አይደለም የምልሽ! አለቱ በሙሉ። ከላይ እስከ ታች። ፋኖስ ያለው በፋኖስ፣ ሌላው በምን እንደሆነ እንጃ፣ እሳትም የያዙ ነበሩ። አንድ ላይ ሦስት ጊዜ አነሱት። ከዚያ ጠበቁ። እንደገና ሦስት ጊዜ አነሱ። እኔ ባትሪ አልያዝኩም። ስልኬን አውጥቼ መብራቱን ፈልጌ ሳበራው አለቱ ከኋላ ቀርቷል።»

ጫማዬን አውልቄ አልጋው ሥር አስገባሁ።

«እስኪጠፉብኝ ድረስ እያነሱ ነበር» አለች ማሪቴስ። «ማንም አልመለሰላቸውም።»

አርብ፣ ሴፕቴምበር 27። ብሩህ ቀን፣ ቀላል ነፋስ። ማሪቴስ ተኝታለች።

ተነሳሁ። ታጠብኩ። የደንብ ልብሴን ተኮስኩ፣ የስሜን ሰሌዳ አደረግሁ። ዳቦ በላሁ፣ ግማሹን ተውኩት። ጋሪዬን ሞላሁ፤ ትልቅ ፎጣ፣ ትንሽ ፎጣ፣ ሳሙና፣ አንሶላ። 8210፣ 8211፣ 8212 አጸዳሁ። 8213 ተኝተዋል፣ አለፍኳቸው።

ሚስተር ፊንሊ ኮሪደሩ ላይ አምፖል ሲያስቀይር አገኘሁት።

«ሚስተር ፊንሊ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ በሴንት አዴል እናልፋለን?»

«እንደ ወትሮው» አለኝ፣ ዓይኑ አምፖሉ ላይ ነበር።

«እርግጠኛ ነዎት?»

ያን ጊዜ ዞረ። «ባሕር ነው ቬልዳ። ማን እርግጠኛ ይሆናል?»

«እንግዲያው አላውቅም ይበሉኝ።»

አየኝ። አምፖሉን የያዘው ልጅም አየኝ። «አላውቅም» አለኝ ሚስተር ፊንሊ።

ጋሪውን ግድግዳ አስጠግቼ አቆምኩ። በሠራተኞች ደረጃ ወረድኩ፣ ባትሪዬን ከትራሴ ሥር አወጣሁ፣ የኋላ ሰገነት ላይ ወጣሁ። ሁለት የኩሽና ልጆች እያጨሱ ነበር፤ ቦታ ለቀቁልኝ። ሴንት አዴል ከኋላችን አትታይም፣ ከቀረች ሌሊቱን ሙሉ ሆኗታል። ባሕር ብቻ ነው፣ የመርከቧም ነጭ ፈለግ። የእማ ቀብር የሚጀምርበት ሦስት ሰዓት እስኪሞላ ቆምኩ።

ሲሞላ ባትሪውን ፈለጉ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያዝኩና ሦስት ጊዜ አበራሁት። ፀሐዩ ኃይለኛ ነበር። ባትሪው መብራቱን ለማወቅ መስታወቱን በእጄ መሸፈን ነበረብኝ።

ከዚያ ወርጄ 8214ን አጸዳሁ።